ያውቁ ኖሯል? ኮንዶር ማለዳ ክንፉን የሚዘረጋው ለምንድን ነው?

የአንዲስ ኮንዶር የተባለው ወፍ ማለዳ ካደረበት ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ 3 ሜትር የሚደርስ ክንፉን ለፀሐይ ዘርግቶ ይቆያል። ይህ ስንፍና ሳይሆን የበረራ ዝግጅት ነው። «ጤዛውን ለማድረቅ ነው» የሚል ቢኖር አልተሳሳተም፤ ነገር ግን በደረቅ ጠዋትም ይዘረጋል። እንደ ኮንዶር በሚንሳፈፈው በጥንብ አንሳ ላባ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በበረራ የጎበጠ ላባ በጥላ ሥር ሰዓታት ሲፈጅበት በፀሐይ ግን በደቂቃዎች ይቃናል። እስከ 15 ኪሎ የሚመዝነው ኮንዶር ደግሞ ያለ ቀና ላባና ያለ ሞቃት አየር ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ ኮንዶሮች ክንፋቸውን የሚያርገበግቡት ከበረራቸው 1 በመቶ ለሚሆነው ጊዜ ብቻ እንደሆነና አንዱም ክንፉን ሳያርገበግብ 172 ኪሎ ሜትር መንሳፈፉን አረጋግጧል። ስለዚህ ክንፉን ዘርግቶ ያረፈን ኮንዶር ከሩቅ ይመልከቱት እንጂ አያስበርግጉት።