ፍግ የተረፈበት አገር፦ የኔዘርላንድስ አሳማዎችና ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም

በኔዘርላንድስ ደቡብ፣ ሰሜን ብራባንት በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ መሬቱ አሸዋማና ስስ ነው። የቀድሞ ገበሬዎች እዚያ እህል ለማብቀል የሚቸገሩት በፍግ እጥረት ነበር። ዛሬ የዚያው መሬት ችግር የፍግ ብዛት ሆኗል።

በ1960 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል አሳማ ነበር። በ1980ዎቹ ማብቂያ ቁጥሩ 14 ሚሊዮን ደረሰ፤ ከሕዝቡ ጋር ሊተካከል ጥቂት ነበር የቀረው። ይህን ሁሉ አሳማ የአገሬው ማሳ ሊቀልበው አይችልም። አኩሪ አተሩ ከአሜሪካና ከብራዚል፣ ካሳቫው ከታይላንድ እየተጫነ በሮተርዳም ወደብ ይገባ ነበር። ሥጋው ተሽጦ ወደ ውጭ ሲሄድ ፍጉ እዚያው ይቀራል፤ በፍጉ ውስጥም ፎስፈረስ አለ። ፎስፈረስ እንደ ናይትሮጅን በቶሎ አይተንም፣ በቶሎም አይሰርግም። አፈሩ ተጨማሪ መያዝ እስኪያቅተው ድረስ ይከማቻል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቦዩና ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ውኃው በአልጌ ይሸፈናል፣ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ዓሣውም ይሞታል።

መንግሥት በኅዳር 1984 አዲስ የአሳማና የዶሮ እርባታ እንዳይስፋፋ በጊዜያዊ ሕግ አገደ። በ1987 ደግሞ በየማሳው ላይ ለሚደፋው ፍግ ጣሪያ አበጀ። ጣሪያው ግን እጅግ ልል ነበር፦ በበቆሎ ማሳ ላይ በሄክታር እስከ 350 ኪሎ ግራም ፎስፌት ይፈቀድ ነበር። በቆሎው ከዚህ ውስጥ የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሕግ ሆኖ መውጣቱ ነገሩ ምን ያህል ከእጅ አምልጦ እንደነበር ያሳያል።

ነገሩ የከፋው አሳማው የሚበላው ፎስፈረስ አብዛኛው የማይጠቅመው በመሆኑ ነው። በእህል፣ በፉርሽካና በአኩሪ አተር ፋጉሎ ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ፋይቴት በሚባል ውሕድ ውስጥ ታስሮ ይገኛል። ፋይቴት ስድስት ፎስፌቶችን የያዘች ቀለበት መሰል ሞለኪውል ናት። ላም በጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት ይፈቱላታል። አሳማና ዶሮ ግን ያን ለመፍታት የሚበቃ ኢንዛይም የላቸውም። ስለዚህ መኖ አቀናባሪው ለአጥንታቸው ከማዕድን የተሠራ ፎስፌት ይጨምርላቸዋል፤ የታሰረው ደግሞ እንዳለ በኩስ ይወጣል። የእኛ እናቶች ሊጥ ሲያቦኩ የሚሆነው ከዚሁ ጋር ይዛመዳል፤ እርሾው ውስጥ ያሉት ሕዋሳትና የእህሉ የራሱ ኢንዛይም ፋይቴቱን ስለሚሰብሩት፣ በደንብ ከቦካ እንጀራ ሰውነት ብረትና ዚንክ በተሻለ ያገኛል።

ፋይቴት የሚፈታው ኢንዛይም ፋይቴዝ ይባላል። ጃፓናውያን በሩዝ ፉርሽካ ውስጥ ያገኙት በ1907 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለመኖ የሚበቃ ያህል አምርቶ በተመጣጣኝ ዋጋ ማቅረብ ከሰማንያ ዓመት በላይ ፈጀ። መፍትሔው የመጣው ዴልፍት ከተማ ካለ ከድሮ የእርሾ ፋብሪካ ነው። ጊስት ብሮካደስ የተባለው ኩባንያ አስፐርጊለስ ኒጀር ከተባለ ሻጋታ የተገኘውን ዘረ መል ተጠቅሞ ኢንዛይሙን በብዛት የሚያመነጭ ዝርያ አዘጋጀ። በ1990 የአገሪቱ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ፋይቴዝ በተጨመረበት መኖ የተቀለቡ አሳማዎች በኩሳቸው የሚያወጡት ፎስፈረስ በ35 በመቶ ቀነሰ። በ1991 ምርቱ ናቱፎስ በሚል ስም ገበያ ገባ። በአንድ ኪሎ መኖ 500 ዩኒት ፋይቴዝ ሲጨመር ወደ 1 ግራም የሚጠጋ የማዕድን ፎስፈረስ ይተካል። በሚሊዮን የሚቆጠር አሳማ በየቀኑ እንደሚበላ ስናስብ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

መኖ ፋብሪካ ውስጥ ግን አንድ ጣጣ አለ። የመኖው ዱቄት በእንፋሎት ሞቆ፣ በማሽኑ ቀዳዳዎች ተጨምቆ እንክብል ሲሆን ሙቀቱ 80 ዲግሪ ይደርሳል፣ ያልፋልም። ኢንዛይም ፕሮቲን ስለሆነ በዚህ ሙቀት ብዙው ይበላሻል። አንዳንዶች ፈሳሹን እንክብሉ ከቀዘቀዘ በኋላ መርጨት ጀመሩ፤ ሌሎች በሽፋን ለበጡት፤ በኋላም ሙቀት የሚችሉ ዓይነቶች መጡ። በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ከዚህም ርቆ ሄዶ በ1999 ፋይቴዝን በምራቁ የሚያመነጭ አሳማ ፈጠረ። ዘረ መሉ የተለወጠ ሥጋ የሚቀበል ገበያ ስላልተገኘ ገንዘቡ ቆመ፤ የመጨረሻዎቹ አሳማዎች በ2012 ተወገዱ። ኢንዛይሙ በመኖ ውስጥ እያለ እንስሳውን ራሱን መለወጥ አስፈላጊ አልነበረም ባይ ነኝ።

የእህልን አሰር የሚሰብሩት ሌሎች ኢንዛይሞች፣ ዛይላኔዝና ቤታ ግሉካኔዝም፣ አሳማ ላይ ይሞከራሉ። ውጤታቸው ግን እንደ እህሉ ዓይነትና እንደ አሳማው ዕድሜ ይለያያል፤ የፋይቴዝን ያህል አስተማማኝ አይደሉም።

ፋይቴዝን ሁሉም የተቀበለው ለአካባቢ በማሰብ ብቻ አይደለም። በ2001 የአውሮፓ ኅብረት በእብድ ላም በሽታ ምክንያት የሥጋና አጥንት ዱቄትን ከመኖ ሲያግድ አንድ ርካሽ የፎስፈረስ ምንጭ ጠፋ። በ2008 ደግሞ የፎስፌት ዋጋ በዓለም ገበያ አሻቀበ። ዛሬ ኢንዛይሙ በአሳማና በዶሮ መኖ ውስጥ የተለመደ ነገር ነው።

እኔ ፋይቴዝን አደንቃለሁ፤ በጥቂት ግራም ይህን ያህል ብክነት የሚያስቀር ነገር በእርሻ ብዙ አላውቅም። ነገር ግን እያንዳንዱ አሳማ የሚያወጣው ፎስፈረስ ቢቀንስም የአሳማው ቁጥር በራሱ አልቀነሰም። በ1997 የአሳማ በሽታ ወረርሽኝ ሲነሣ አገሪቱ ውስጥ 15 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ለቁጥሩ ልጓም የመጣው በ1998 የአሳማ ማርባት መብትን በኮታ ባሰረው ሕግ፣ በኋላም መንግሥት የአሳማ እርባታዎችን ከባለቤቶቻቸው እየገዛ ማዘጋት ሲጀምር ነው። በብራባንት አሸዋ ውስጥ አስቀድሞ የተጠራቀመው ፎስፈረስ ገና ለብዙ ዓመታት ወደ ውኃው ይወርዳል። ኢንዛይሙ የድርሻውን ሠርቷል፤ ስንት አሳማ በስንት ሄክታር ላይ ይርባ የሚለውን ግን መወሰን ያለበት ፓርላማው ነው፤ ያን ለመወሰንም እጅግ ዘግይቷል።