ለአንድ ሰዓት ላብ ስንት እንክፈል?

በዚህ ወር የቤተሰብ አምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ጤናንም ኪስንም የሚነካ ነው። ነገሩን ያነሳሳችን በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ አካባቢ የምትኖር አንዲት እህታችን ያጫወተችን ታሪክ ነው። ስሟን መጥቀስ አላስፈለገንም። ታሪኳ የብዙዎች ነውና።

ይህች እህት የሁለት ልጆች እናት ስትሆን፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። ሐኪሟ «ስኳርሽ ከድንበሩ ላይ ነው፤ ሰውነትሽን ማንቀሳቀስ አለብሽ» ይላታል። እሷም ትፈልጋለች፣ ታጠያይቃለች፣ በመጨረሻም ለሴቶች ብቻ የተለየ ክፍለ ጊዜ ያለው አንድ አነስተኛ የስፖርት ስቱዲዮ ታገኛለች። ሒጃቧን አውልቃ፣ ወንድ ሳያያት ስፖርት የምትሠራበት ቦታ ማግኘቷ አስደስቷት ወዲያውኑ ተመዘገበች። የመጀመሪያው ወር 79 ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ክፍያው በየወሩ 216 ዶላር እንደሚሆን በውሉ ላይ በትናንሽ ፊደላት ተጽፎ ነበር። እሷ አላነበበችውም።

በመጀመሪያው ወር አሥር ጊዜ ሄደች። በሁለተኛው ወር ፈረቃዋ ተቀየረና አራት ጊዜ ብቻ ሄደች። ከዚያ ረመዳን ገባ፤ አንድም ቀን አልሄደችም። ገንዘቡ ግን ከባንክ ሒሳቧ እየተቆረጠ ነበር። ነገሩ የታወቃት በየወሩ ደሴ ላሉት እናቷ የምትልከው ገንዘብ ሲያጥራት ነው። በስልክ ምክንያት ስትደረድር እናቷ አቋረጧትና «ልጄ፣ ከተቸገርሽስ ይቅርብኝ፤ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ» አሏት። «ያን ቀን ከስልኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ አለቀስኩ» ብላናለች።

ለመሆኑ እህታችን ጥፋቷ ምን ነበር? ጤናዋን መፈለጓ ጥፋት አይደለም። አካላችን አማና ነውና መጠበቅ ይገባናል። ችግሩ የምትገዛውን ነገር ዋጋ አስቀድማ አለማስላቷ ነበር። እኛም ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ይህ ሒሳብ ለሁሉም ግልጽ እንዲሆን ነው።

«ቡቲክ» ስፖርት ምንድን ነው?

ቡቲክ ስንል ለኛ የሚታየን የልብስ መሸጫ ሱቅ ነው። ፈረንጆቹ ግን ቃሉን ትንሽና የተመረጠ ነገር ለሚቀርብበት ቤት ሁሉ ይጠቀሙበታል። ቡቲክ የስፖርት ስቱዲዮም እንዲሁ ነው። እንደ ትልቅ ጂም ሁሉን ነገር ደርድሮ «ግባና የፈለግከውን ሥራ» አይልም። አንድ ዓይነት ስፖርት ብቻ ይዞ፣ ለጥቂት ሰዎች፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በአሰልጣኝ እየተመራ ይሰጣል። አንዱ በቆመ ብስክሌት መጋለብን፣ ሌላው ፒላቴስን፣ ሌላው ዮጋን፣ ሌላው ቦክስን ይዟል።

ሥራው በሰፊው የታወቀው ባለፉት ሃያ ዓመታት ነው። ሶልሳይክል የተባለው የብስክሌት ስቱዲዮ በ2006 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ተከፈተ። ኦሬንጅቲዮሪ ደግሞ በ2010 በፍሎሪዳ ጀመረ። በ2013 ፓያል ካዳኪያ የተባለች ወጣት የመሠረተችው ክላስፓስ አዲስ ዘዴ አመጣ። በወር 99 ዶላር የከፈለ ሰው በኒውዮርክ በሚገኙ ብዙ ስቱዲዮዎች እየተዘዋወረ መሥራት ቻለ። ዋጋው ግን በዚያ አልቆየም። ደንበኞች በብዛት ሲጠቀሙ ድርጅቱ ለስቱዲዮዎቹ የሚከፍለው ከሚያገኘው እየበለጠ ስለመጣ በ2016 በኒውዮርክ ያልተገደበውን አገልግሎት ወደ 190 ዶላር አሳደገው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ ጨርሶ አስቀረው። ዛሬ የሚሠራው በነጥብ ነው፤ ተፈላጊ ሰዓት ብዙ ነጥብ ይበላል፣ ባዶ የሚሆን ሰዓት ጥቂት።

ዋጋው ለምን ናረ?

በኒውዮርክና በመሳሰሉት ትልልቅ ከተሞች የታወቁ ስቱዲዮዎች ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ዶላር ያስከፍላሉ። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ለሚቆይ ሥራ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ መደምደም ግን ፍትሕ አይደለም። ስቱዲዮው ውድ በሆነ ሰፈር ቤት ይከራያል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ሰው የተወሰነ ነው። አሰልጣኝ፣ ፎጣ፣ ገላ መታጠቢያ፣ የመሣሪያ ጥገና ሁሉ ገንዘብ ነው። ኪራዩ የሚከፈለው ግን ለሃያ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ሰው የሚመጣው ጠዋት ከሥራ በፊትና ማታ ከሥራ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር እንያዝ። ያልተያዘ የአውቶቡስ ወንበር ለነገ እንደማይቀመጥ ሁሉ፣ ያልተያዘ የስፖርት ቦታም ሰዓቱ ካለፈ ከንቱ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ በባዶ ሰዓት ዋጋ ቢቀንስ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ከዚህ በታች ከምንዘረዝራቸው ዘዴዎች ብዙዎቹ ከዚህ የመነጩ ናቸው።

ሒሳቡን እንሥራ

አንድ ክፍለ ጊዜ 32 ዶላር ነው እንበል። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚሄድ ሰው 96 ዶላር ያወጣል። ዓመት ሙሉ ከቀጠለ 4,992 ዶላር ይሆናል። በተናጠል ሲከፈል ትንሽ የሚመስለው ገንዘብ ሲጠራቀም አስደንጋጭ ነው።

አሁን ወደ እህታችን ወርሃዊ 216 ዶላር እንመለስ። በወር 12 ጊዜ ብትሄድ ኖሮ አንዱ 18 ዶላር ይደርስባት ነበር። 8 ጊዜ ብትሄድ 27 ዶላር። አራት ጊዜ ብቻ በሄደችበት ወር ግን አንዱን በ54 ዶላር ገዝታዋለች! በነጠላ ዋጋ 30 ዶላር ስለነበር፣ ወርሃዊው አባልነት የሚያዋጣት በወር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከሄደች ብቻ ነበር። ስለዚህ «ያልተገደበ» የሚለው ቃል አያታልለን። የሚገድበን ስቱዲዮው ሳይሆን የራሳችን ጊዜ ነው። ከመፈረማችን በፊት «ስንት ጊዜ መሄድ እመኛለሁ?» ሳይሆን «ባለፉት ሁለት ወራት ስንት ጊዜ ሄጄ ነበር?» ብለን እንጠይቅ።

በትንሽ ዋጋ ለመሥራት

1. የመጀመሪያውን ቅናሽ በአግባቡ መጠቀም። ብዙ ስቱዲዮዎች ለአዲስ ሰው የመጀመሪያውን ቀን በነጻ ወይም የመጀመሪያውን ወር በቅናሽ ይሰጣሉ። ሲመዘገቡ ከዚያ በኋላ ስንት እንደሚቆረጥና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጠይቁ። ቀኑን በስልክዎ ማስታወሻ ላይ ከአምስት ቀን በፊት ያስይዙ።

2. ባዶውን ሰዓት መምረጥ። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደረሱ እናቶችና የማታ ፈረቃ ሠራተኞች እኩለ ቀን ላይ መሄድ ይችላሉ። በዚህ ሰዓት ቅናሽ እንዳለ ይጠይቁ። ካልተጠየቀ የማይነገር ቅናሽ አለ።

3. ጥቅል መግዛት። አምስት ወይም አሥር ክፍለ ጊዜ በአንድነት ሲገዛ የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል። ነገር ግን ጥቅሉ የሚያበቃበት ቀን አለው። በሦስት ወር የሚቃጠል አሥር ክፍለ ጊዜ ገዝቶ ስድስቱን ብቻ የተጠቀመ ሰው አልተረፈም።

4. የሥራ ልውውጥ። በተለይ የዮጋ ስቱዲዮዎች በሳምንት ጥቂት ሰዓት በር ላይ ለሚያስተናግድ ወይም ለሚያጸዳ ሰው በነጻ የሚያሠሩበት ልማድ አለ። ለተማሪ ወጣቶች ጥሩ መንገድ ነው።

5. አሠሪንና የጤና መድንን መጠየቅ። አንዳንድ አሠሪዎችና የመድን ድርጅቶች ለስፖርት ከተከፈለው የተወሰነውን ይመልሳሉ። ዕድሜያቸው 65 የሞላ ወላጆች ደግሞ በሜዲኬር አድቫንቴጅ ዕቅዳቸው ውስጥ ሲልቨርስኒከርስ የሚባለው አገልግሎት ካለ፣ በብዙ ጂሞች ያለ ተጨማሪ ክፍያ መሥራት ይችላሉ።

6. አባልነትን ማስቆም። ብዙ ስቱዲዮዎች በዓመት ለአንድ ወይም ለሁለት ወር አባልነትን «ማገድ» ይፈቅዳሉ። ረመዳን ከመግባቱ በፊት፣ ለሐጅ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አገር ቤት ከመሄዳችን በፊት ይህን ብናደርግ የወር ክፍያ እናድናለን። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን።

7. ስረዛና ቅጣት። ቦታ ይዘው የቀሩ ሰዎች ይቀጣሉ። ብዙውን ጊዜ መሰረዝ የሚቻለው ከ12 ሰዓት በፊት ነው። ፈረቃው የማይታወቅ ሰው ይህን አስቦ ይያዝ።

ውል ሲፈርሙ

«ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ያቅታል» ይላሉ አባቶቻችን። ለመመዝገብ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ለመሰረዝ ግን ደብዳቤና ምልልስ ሊያስፈልግ ይችላል። የእህታችን ውል ከሠላሳ ቀን በፊት በጽሑፍ ማስታወቅን ይጠይቅ ነበር። በዚህ ምክንያት ልታቋርጥ ከወሰነች በኋላ ሌላ 216 ዶላር ከፍላለች። ከረመዳኑ ጋር ሲደመር 432 ዶላር ምንም ሳትሠራበት ሄዷል።

የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. መሰረዝ እንደ መመዝገብ ቀላል እንዲሆን የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ነበር። ሆኖም በሐምሌ 2025 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሽሮታል። እንደ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ባሉ ግዛቶች በኢንተርኔት የተመዘገበ ሰው በኢንተርኔት እንዲሰርዝ የሚፈቅድ የግዛት ሕግ አለ። ስለዚህ የሚኖሩበትን ግዛት ሕግ ይወቁ። ከሁሉም በላይ ግን ሦስት ነገሮችን ውሉ ላይ ፈልገው ያንብቡ፤ ክፍያው መቼ እንደሚጨምር፣ ከወርሃዊው ሌላ የዓመት ክፍያ መኖሩንና እንዴት እንደሚሰረዝ።

ቅናሽ ወዴት አይሂድ

አንዳንድ ወጣቶች የሚነግሩን «ብልሃት» አለ። አንድ ሰው በየጊዜው አዲስ የኢሜይል አድራሻ እየከፈተ አዲስ ደንበኛ መስሎ በነጻ ይገባል። ሌላዋ በእህቷ ስም ትገባለች። ይህ ቁጠባ አይደለም፤ ማታለል ነው። ባለቤቱ ባያውቅም አላህ ያውቃል። ለጤና ብለን ሐቅ መብላት የለብንም። ጥቅሉን ለቤተሰብ ማካፈል የሚፈቅዱ ስቱዲዮዎች አሉና በግልጽ መጠየቅ ይቻላል።

ከስቱዲዮው ውጭ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ ጎልማሳ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ሊሠራ ይገባል። ሕፃናትና ወጣቶች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ያስፈልጋቸዋል። በሳምንት አምስት ቀን ለሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ 150 ደቂቃውን ይሞላል። ዋጋው አንድ ጥንድ ጫማ ነው።

ቦታ የሚፈልግ ደግሞ የከተማውን መዝናኛ ማዕከል ይጠይቅ። በኒውዮርክ የከተማው ማዕከላት ለአብዛኛው ጎልማሳ የዓመት ክፍያቸው 150 ዶላር ሲሆን፣ ለልጆች ነጻ ነው። ይህ በታወቁት ስቱዲዮዎች አምስት ክፍለ ጊዜ እንኳ በቅጡ አይገዛም። በዋሽንግተን ዲሲ የሕዝብ መዋኛዎች ለከተማዋ ነዋሪዎች ነጻ ናቸው። ዋይ ኤም ሲ ኤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ክፍያ ይቀንሳል። ፕላኔት ፊትነስም ለብዙ ዓመታት በወር 10 ዶላር የነበረውን ዝቅተኛ አባልነት በ2024 ለአዲስ ገቢዎች ወደ 15 ዶላር ቢያሳድገውም አሁንም ከርካሾቹ አንዱ ነው።

ብዙ እህቶች ግን «ወንድና ሴት በተቀላቀለበት፣ ሙዚቃው በሚጮህበት እንዴት እንሥራ?» ይላሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ወደ ውዱ ስቱዲዮ የሚገፋቸውም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መልሱ በእጃችን ያለ ይመስለናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ አሥር እህቶች በየሳምንቱ አሥር አሥር ዶላር ቢያዋጡ 100 ዶላር ይሆናል። በዚህ የሴት አሰልጣኝ ለአንድ ሰዓት መቅጠር ይሞከራል። አዳራሹ በመስጂድ ወይም በማኅበር ቤት ሊገኝ ይችላል። ዕቁብ መሰብሰብ ለማይቸግረን ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የመስጂድ ኮሚቴዎችም ለወንድ ወጣቶች የኳስ ሜዳ ሲያስቡ የእህቶችን አንድ ሰዓት አብረው ቢያስቡ መልካም ነው።

እህታችንም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ዛሬ ከሌሎች ስምንት እህቶች ጋር ቅዳሜ ጠዋት ትሠራለች፤ በሌላው ቀን ደግሞ ልጆቿን ይዛ በእግሯ ትጓዛለች። የምታወጣው በወር ከ50 ዶላር አይበልጥም። የደሴው ገንዘብም እንደ ቀድሞው በወሩ መጀመሪያ ይላካል። በሚቀጥለው ወር ሐኪሟ ዘንድ ቀጠሮ አላት። ውጤቱ መልካም እንዲሆን ዱዓ አድርጉላት።