የፍሬው መልክ ሳይጠፋ ጉልበቱ ይጠፋል

እንጆሪ ለቃሚ እሾሁ እጁን እየቧጨረው ነው የሚለቅመው። ጧት የሞላው እንቅብ ግን ገበያ ሲደርስ ከታች ውሃ ሆኖ ይገኛል። ገሚሱ ይደፋል፤ የቀረው በርካሽ ይሸጣል። ኪሣራው ይህ ብቻ ነውን? አይደለም። ለዓይን የማይታይ ሌላም አለ።

እንጆሪና ቀጋ ቪታሚን ሲ የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። ይልቁንም ቀጋ ብዙ አለው። ይህ ቪታሚን ድድን ያጠነክራል፤ ቁስል እንዲሽር ይረዳል። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት ከሰውነታችን ጋር እንዲዋሐድም ያግዛል። ሰውነታችን ራሱ አይሠራውም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት።

ቀጋ የጽጌረዳ ወገን ነው። በ1941 በአውሮፓ አቆጣጠር እንግሊዞች በጦርነቱ ምክንያት ብርቱካን ቢያጡ፣ ተማሪዎች ሳይቀሩ የዱር ጽጌረዳ ፍሬ ለቀሙ። ለሕፃናት ሽሮፕ ተሠራበት።

ታዲያ ቪታሚኑ በምን ይጠፋል? ጠላቶቹ ሙቀት፣ አየርና ጊዜ ናቸው። ፍሬ ከተለቀመ በኋላም ይተነፍሳል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር አተነፋፈሱ ሁለት ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። ያከማቸውን ቶሎ ይጨርሳል። ቆዳው ሲፈርጥ ደግሞ አየር ይገባና ቪታሚኑን ያጠፋዋል። ሻጋታም በር ያገኛል። «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ይባል የለም? የሻገተ ፍሬ የተጠጋ ደህና ፍሬም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትበረታ እንልቀም። በጥልቅ እንቅብ ወይም በፌስታል አንጠቅጥቀው፤ በሰፌድ ላይ ሳሳ አድርገን ጥላ ውስጥ እናኑረው። የፈረጠውንና የሻገተውን ለይተን እናውጣ። ውሃ የምናስነካው ልንበላው ስንል ብቻ ነው፤ ውሃውም ንጹሕ ይሁን። እንጆሪ አያድርም፤ በዚያው ቀን ይበላ።

ቀጋ ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ይቆያል። ለማድረቅ ለሁለት ሰንጥቀን፣ ጉሮሮ የሚከረክረውን ፀጉርና ዘሩን አውጥተን በጥላ እናስጣው። ሲደርቅ ከቪታሚኑ ከፊሉ መጥፋቱ አይቀርም፤ በፀሐይ ከሆነ ግን ይብስበታል። ብንቀቅለው ውሃውን አንድፋ፤ ቪታሚኑ ወደ ውሃው ይወጣልና። የመዳብ ዕቃም አንጠቀም፤ መዳብ ቪታሚኑን ቶሎ ያጠፋዋል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልብ እንበል። «ደህናው ለገበያ፣ የፈረጠው ለልጅ» የሚል ልማድ ካለን ይቅር። ሰፌዱ ከቤት ሳይወጣ ከደህናው አንድ እፍኝ ለልጅ ይነሣ። እጃችን የተቧጨረው ለእርሱም ነውና።