ተረት ፍለጋ ወደ ጅግጅጋ

ጅግጅጋ የሚያርፍ መንገደኛ ከአውሮፕላን ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው የተረት ጀግና ስም ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ገራድ ዊልዋል ይባላል። «ገራድ» የጎሳ መሪ ማዕረግ ነው። ዊልዋል በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጅግጅጋ አካባቢ የገዛው የገራድ ፋራህ ገራድ ሂርሲ ቅጽል ስም ነው። ሶማሌ ስለ እርሱ የሚያወራው ግን ከታሪክ መጽሐፍ ይልቅ በተረት ነው፤ ከእነዚያም አንዱ እንዲህ ይላል።

ገራዱ አንድ ቀን የጎሳውን ወንዶች ሰብስቦ፣ «እያንዳንድህ በግ አርደህ፣ ሰውን ከሰው የሚያጣላውን ወይም ወንድማማች የሚያደርገውን ብልት አምጣልኝ» አላቸው። ሰዎቹ ይሻላል ያሉትን ሁሉ መረጡ፤ ጎድን የያዘ፣ ጉበት የያዘ፣ ታፋ የያዘ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ድሃ ነው። ያለችውን በግ አርዶ ሲጨነቅ ያየችው ሴት ልጁ የበጓን ጉሮሮ ቆርጣ ሰጠችው። አባት አፈረ፤ ማንም የማይበላውን ለገራድ ይዞ መቅረብ ስድብ መሰለው። ሌላ አማራጭ ግን አልነበረውምና ይዞ ሄደ። ዊልዋል ጉሮሮውን እንዳየ ትክክለኛው መልስ እርሱ መሆኑን ተናገረ፤ ጥበቡም የልጅቱ መሆኑ አልተሰወረበትም።

በሶማሊኛ ጉሮሮ «ሁንጉሪ» ነው። ስስታም ሰው ደግሞ «ጉሮሮ ትልቅ» ይባላል። ለብቻው የሚውጥ ጉሮሮ ያጣላል፣ የሚያካፍል ያስታርቃል ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪም «የጉሮሮ ጉዳይ ነው» ሲል ያደገ ስለሆነ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ ብዙም አይፈልግም።

እንዲህ ያሉ ተረቶችን ፍለጋ ኢትዮጵያን ከዳር እስከ ዳር ከዞሩ የልጆች ደራሲዎች አንዷ ኤልሳቤጥ ሌርድ ናቸው። ሌርድ በ1943 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኒውዚላንድ ተወልደው ብሪታንያ ያደጉ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መጥተው አስተምረዋል። ከሄዱ በኋላም አገሪቱ ከብዕራቸው አልወጣችም። «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» የተባለው የ2003 ልቦለዳቸው በአዲስ አበባ ጎዳና የሚገናኙ ማሞና ዳኒ የተባሉ ሁለት ልጆችን ይከተላል። በ2012 ደግሞ የአጼ ቴዎድሮስን ልጅ የልዑል ዓለማየሁን ሕይወት መነሻ ያደረገ ልቦለድ አሳትመዋል።

ትልቁ ጉዟቸው የተጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በብሪቲሽ ካውንስል አስተባባሪነት የየክልሉን ተረት ከነጋሪዎቹ አፍ ለመሰብሰብ ዕቅድ ወጣ። ሌርድ ከክልል ክልል እየተጓዙ ሽማግሌዎችን፣ እናቶችን፣ አርብቶ አደሮችንና መምህራንን አዳመጡ። በብዙ ቦታ ተራኪው በራሱ ቋንቋ ይናገራል፣ አስተርጓሚው ይቀበለዋል፣ ደራሲዋ ይጽፋሉ። ከ300 በላይ ተረቶች ተሰበሰቡ፤ የሶማሌ ክልል ተረቶችም ከስብስቡ ውስጥ ናቸው። የጉዞው ታሪክም በ2013 «ዘ ሉር ኦፍ ዘ ሃኒ በርድ» በሚል ርዕስ መጽሐፍ ሆኗል። ሃኒ በርድ ሰውን እየጠራች ወደ ቀፎ የምትመራው ማር መሪ ወፍ ናት።

የልጆች ደራሲ ትምህርት ቤት ሲጎበኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ቆሞ የሚያነብ እንግዳ ነው። የዚህ ጉዞ አካሄድ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ደራሲዋ መጀመሪያ ጆሮ ሆነው መጡ። ከተሰበሰበውም እየተመረጠ በቀላል እንግሊዝኛ የማንበቢያ መጻሕፍት ተዘጋጅተው ለትምህርት ቤቶች ተሰራጩ። ይህ ለተማሪው ያለውን ትርፍ ማየት ከባድ አይደለም፤ እንግሊዝኛው አዲስ ቢሆንም ታሪኩን ከአያቱ ሰምቶታል። ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል፤ ስለዚህ የማያውቀውን ቃል ከሚያውቀው ታሪክ ይገምታል። ማንበብ የሚለመደው እንዲህ ነው።

የሶማሌ ልጅ ተረትን የሚቀበልበት የራሱ ሥርዓት አለው። ተራኪዋ፣ ብዙ ጊዜ «አዬዮ» የምትባለው አያት፣ «ሼኮ ሼኮ» ትላለች፤ ልጆቹ «ሼኮ ሓሪር» ብለው ይመልሳሉ። «ሼኮ» ተረት ነው፣ «ሓሪር» ሐር። ሐር የመሰለ ተረት እንደማለት ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ያደገ ሰው ጨዋታው በአንድ አፍታ ይገባዋል። ከዚያ ጆሮዋ ረጅም የሆነችው ሰው በላዋ ዴግዴር ትመጣለች፤ በጆሮዋ የሩቁን ሁሉ ስለምትሰማ የሚያመልጣት የለም። ወይም ፈሪው ኢጋል ሺዳድ ይመጣል። ወይም ያደኑትን ሥጋ እንዲያካፍል በአንበሳ የታዘዘው ጅብ፣ ግማሹን ለአንበሳ ቢመድብም በጥፊ ዓይኑን ያጣል።

እነዚህ ተረቶች በሶማሊኛ ታትመው ለልጅ እጅ የደረሱት ዘግይተው ነው። ሶማሊኛ የላቲን ፊደልን በይፋ የተቀበለው በ1972 በሞቃዲሾ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ለትምህርት የዋለው ከ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ነው። ዊልዋል፣ ዴግዴር፣ ኢጋል ሺዳድና የአንበሳው ድርሻ በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን በሥዕል አጊጠው ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የታተሙት በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ነው። ወደዚያ የተሰደዱ ሶማሌዎች ልጆቻቸው ተረቱን እንዳይረሱ ስለፈለጉ የጅግጅጋው ገራድ በረዶ በሚጥልበት አገር መጽሐፍ ሆነ።

ከጅግጅጋ ወጥቶ ወደ ቀብሪ በያህ፣ ወደ አውበሬ ወይም ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚጓዝ ሰው ሌላ ነገር ያያል። በከተሞቹ መካከል ያለው ሜዳ የአርብቶ አደር ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ ቤተሰብ ከነግመሉ ይነሳል፣ ልጆችም አብረው ይሄዳሉ። ተማሪው ተንቀሳቃሽ ከሆነ መጽሐፉም መንቀሳቀስ አለበት። ሴቭ ዘ ችልድረን በሶማሌ ክልል ያካሄደው የግመል ቤተ መጻሕፍት የተወለደው ከዚህ ነው። አንዲት ግመል በእንጨት ሣጥን እስከ 200 መጻሕፍት ትጭን ነበር። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 21 ግመሎች በ33 መንደሮች ከ22,000 በላይ ሕፃናትን አዳርሰዋል። መኪና የማይገባበትን መንገድ ግመል ታውቀዋለች፤ ነዳጅም አትጠይቅም።

ይህ ሐሳብ በአገሪቱ ዘመድ አለው። የ«ሲሊ ማሞ» ደራሲ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሐዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ ልጆች መንደር ልከዋል። በሐዋሳ አህያ፣ በሶማሌ ክልል ግመል፤ ሁለቱም ቀድሞውንም በልጁ ደጅ የነበሩ እንስሳት ናቸው።

አሁን ወደ ጅግጅጋና በዙሪያዋ ወዳሉት ከተሞች የሚሄድ የልጆች ደራሲ ይዞት የሚገባው አዲስ መጽሐፍ ብቻ ባይሆን ይመረጣል። ክፍል ገብቶ «ሼኮ ሼኮ» ማለት ይችላል፤ መልሱ ከኋላ ወንበር ሳይቀር ይመጣለታል። ከዚያ ዊልዋል የጠየቀውን ጥያቄ ለልጆቹ ይጠይቅ። ጎድን የሚል ይኖራል፣ ጉበት የሚል ይኖራል፣ ልብ የሚልም አይጠፋም። ከአያቷ የሰማችው ልጅ እጇን እስክታወጣ ድረስ መጽሐፉን ሳይገልጥ ይጠብቅ።