የሕፃናት ቤት ለማን ተሠራ?

የሞንተሶሪ ትምህርት ለባለጸጋ ልጆች ብቻ የተፈጠረ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። አመጣጡ ግን እንዲህ አልነበረም። ኢጣሊያዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንተሶሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. የመጀመሪያውን «የሕፃናት ቤት» የከፈቱት፣ ሳን ሎሬንሶ በሚባለው የሮማ የድኾች ሰፈር፣ ወላጆቻቸው ለሥራ ሲወጡ ጠባቂ ላጡ ሕፃናት ነበር።

በዚህ ሥርዓት ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ሕፃናት በአንድ ክፍል ይውላሉ፤ ታናሹ ከታላቁ ይማራል፣ ታላቁም ታናሹን ሲረዳ ዕውቀቱ ይጸናል። ሕፃኑ ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጠውን ፊደል በጣቱ ይዳስሳል፤ ቁጥርንም በዶቃ ይለማመዳል።

«ለመንግሥት ግን ወጪው አይከብድምን?» ትሉ ይሆናል። በ2025 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ በ24 የመንግሥት ሞንተሶሪ ትምህርት ቤቶች ለመግባት ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን 588 ሕፃናት ቢያነጻጽር፣ ዕጣ የወጣላቸው በንባብና በማስታወስ በልጠው ተገኝተዋል። በትንንሾቹ ክፍል አንድ መምህር ብዙ ሕፃናትን ስለሚመራም ወጪው አንሷል።

ነገር ግን የሠለጠነ መምህር ከሌለ ዕቃው መጫወቻ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ይህን ትምህርት ከነመምህሩ ወደ መንግሥት መዋዕለ ሕፃናት ማግባት ለድኻው ልጅ ችሮታ ሳይሆን፣ ቀድሞ ለእርሱ የታሰበውን መመለስ ነው።