የወረዳው ቋት

ከጎንደር ተነሥቶ ትክል ድንጋይን አልፎ ወደ ሑመራ የሚወስደው መንገድ ደጋውን ትቶ ወደ ቆላ ሲያዘቀዝቅ፣ ነፋሱ እየሞቀ፣ ግራሩ እየበዛ፣ አፈሩም ወደ ጥቁር ዋልካ እየተለወጠ ይሄድና የታች አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ከሳንጃ ያደርሳል። በዚህ የሚያልፍ መንገደኛ ዓይኑ የሚያርፈው በሱቁ፣ በሻይ ቤቱና ሰሊጥ በጫነው መኪና ላይ ነው እንጂ፣ በወረዳው አስተዳደር ግቢ ውስጥ በፋይል መደርደሪያ መካከል የተቀመጡ ጥቂት የሒሳብ ሠራተኞች በርቀት ባለ ቀበሌ የሚያስተምረውን የመምህሩን ደመወዝ፣ የአዋላጇን አበል፣ የጤና ጣቢያውን ጓንትና መርፌ በእጃቸው እንደያዙ አያስተውልም። የብዙ መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ በአንድነት የሚሠራበትን ይህን ክፍል የወረዳ ሰዎች «ፑል» ወይም «ቋት» ይሉታል፤ እኔም ስሙን በሰማሁ ቁጥር እህል ከላይ ሲፈስ ዱቄቱ ከታች የሚጠራቀምበት የወፍጮ ቋት ትዝ ይለኛል።

ስለ ድኻ አደጉ፣ ስለ ድውዩና ስለ ነዳያን ማሰብ በአገራችን ለብዙ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ የዘመድና የማኅበር ግብር ሆኖ ስለ ኖረ፣ ገዢው ከባላገሩ ግብር ይቀበል ነበር እንጂ በአጸፋው ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ይሠራለት ዘንድ የሚያስገድደው ሕግ አልነበረም። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሩን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ሲከፍል ወረዳ የታወቀ የመንግሥት እርከን ሆነ፤ ሆኖም የወረዳ ገዢ ዋና ሥራ ጸጥታ ማስከበርና ግብር ማስገባት እንደ ሆነ ቀጠለ። ግብርና አገልግሎት በግልጽ የተጋጠሙት በ1940 ዓ.ም. ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚውል የትምህርት ግብር በመሬት ላይ በታወጀ ጊዜ ሲሆን፣ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የጤና ግብር ተከተለው። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ አውራጃዎች ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ትእዛዝ ቁጥር 43 ወጥቶ ነበር፤ ፓርላማው ግን ሳያጸድቀው ቀረ። ያ ሐሳብ በጊዜው ፍሬ አፍርቶ ቢሆን ኖሮ የአገራችን ገጠር ብዙ ዓመት ባልጠበቀ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የጎንደር አገር ለዚህ ነገር ባዳ አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደንቢያ ሜዳ የገባው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው ሲፈጅ፣ በሽታን ሐኪም ቤት ተቀምጦ ከመጠበቅ ይልቅ ወደ መንደሩ ሄዶ መግታት እንደሚገባ ለሁሉ ግልጽ ስለ ሆነ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሰልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ጀመር። ዛሬ በየወረዳው የምናየው ጤና ጣቢያ የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው።

የዛሬው ወረዳ መልኩን የያዘው በቅርቡ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ ይችል ዘንድ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ሲያዝ፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ ለጤናና ለትምህርት የሚውለው ሀብት እያደገ እንዲሄድ፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ወላጅና አሳዳጊ ለሌላቸው ሕፃናትም አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንዲደረግ ግዴታን በመንግሥት ላይ ጥሏል። ቃሉ በተግባር መታየት የጀመረው ግን በ1994 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያ ዓመት በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ጥቅል በጀት በቀጥታ ለወረዳዎች ይሰጥ ጀመር።

ጥቅል በጀት ማለት ክልሉ መጠኑን ቈርጦ ሲሰጥ ወረዳው ለምን እንደሚያውለው ራሱ የሚመርጥበት ገንዘብ ነው። ጉዞውም ረዥም ነው፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ክልሎች የሚካፈሉበትን ቀመር ይወስናል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል፣ የክልሉ ምክር ቤት ባሕር ዳር ላይ ተቀምጦ የደረሰውን ከራሱ ገቢ ጋራ አዳብሎ ይደለድላል፤ ከዚያም በየወሩ ወደ ወረዳው የባንክ ሒሳብ ይወርዳል። ዞን በመካከል ቢኖርም፣ የራሳቸው ምክር ቤት ካላቸው ከአዊ፣ ከዋግ ኽምራና ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች በቀር፣ የክልሉ እጅና ዓይን ነው እንጂ ራሱን የቻለ ቤተ ምክር የለውም። ወረዳውም ከመሬት መጠቀሚያ፣ ከእርሻ ገቢ ግብርና ከነጋዴው የሚሰበስበውን የውስጥ ገቢ ይጨምርበታል።

ጽሕፈት ቤቶቹ የበጀት ጣሪያቸው ከተነገራቸው በኋላ ጥያቄያቸውን ያቀርባሉ፤ ትምህርት፣ ጤና፣ ግብርና፣ ውኃ፣ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ እያንዳንዱ የየራሱን ጭንቅ ይዞ ከካቢኔው ፊት ይቀርባል። ካቢኔው ይመዝናል፣ ምክር ቤቱ በአፈ ጉባኤው መሪነት ተሰብስቦ ያጸድቃል፣ ሐምሌ 1 ቀን የተከፈተው የበጀት ዓመትም ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ከጸደቀው ገንዘብ አብዛኛው ለደመወዝ መሄዱን የሚነቅፉ አሉ። እኔ ነገሩን በሌላ ዓይን አየዋለሁ፤ መምህሩና አዋላጇ ራሳቸው አገልግሎቱ ናቸውና ደመወዛቸው ብክነት ሊባል አይገባውም። ችግሩ ደመወዝ ተከፍሎ ለጠመኔ፣ ለነዳጅና ለሞተር ሳይክል ጎማ የሚተርፍ ሲጠፋ ነው፤ ያን ጊዜ ባለሙያው ከቢሮው በር አይርቅም፣ ሩቅ ያለው ቀበሌም ጎብኚ ያጣል።

የቋቱን ሥራ በቅርብ ለማየት የሚሻ አንድ ካርቶን መድኃኒት ይከተል። ከመድኃኒት አቅራቢው ቅርንጫፍ የተላከው ካርቶን ከጤና ጣቢያው ግምጃ ቤት ሲደርስ፣ ንብረት ክፍሉ ፓኬቱን አንድ በአንድ ቈጥሮ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን አንብቦ፣ ሞዴል 19 የተባለውን የገቢ ደረሰኝ ቈርጦ ይረከባል፤ ቢን ካርድ በተባለው ወረቀት ላይም ገቢውን ይጽፋል። ለጤና ኬላ ወይም ለመድኃኒት ማደያው ሲሰጥ ሞዴል 22 የተባለውን የወጪ ደረሰኝ ይቈርጣል። የወባ መድኃኒት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሌላው መድኃኒት ግን ጤና ጣቢያው ከታካሚ ከሚያገኘው ገቢ ጭምር ይገዛል፤ ይህ ገቢ ቀድሞ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባ የነበረ ሲሆን፣ የጤና ፋይናንስ ሕግ ከተሻሻለ ወዲህ በዚያው ቀርቶ ለዚያው ጤና ጣቢያ ይውላል። ያቺ ትንሽ ወረቀት፣ ሞዴል 22፣ ከጠፋች ኦዲተሩ የሚጠይቀው ስለ ወረቀቷ ብቻ አይደለም፤ ሳይታከም የተመለሰ ሕፃን ከበስተኋላዋ ሊኖር ይችላል።

በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች ተመድበው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ደመወዛቸውን የሚከፍለውም ያው የወረዳው ቋት ነው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ቀዳሚዎቹ ነበሩ። በዚህ ሥርዓት መክፈል የሚችለው አባወራ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ሲከፍል፣ የቀበሌው ሕዝብ መርጦ ያቀረባቸውን ድኾች መዋጮ ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑላቸዋል። ጥንት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይፈጸም የነበረው ግብረ ምጽዋት በሕግና በመዝገብ የተደነገገ መብት የሆነው በዚህ ነው፤ ይህን ያህል የሚያስደስተኝ የመንግሥት ሥራ ጥቂት ነው።

ተቆጣጣሪው ብዙ ነው። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በአስተዳደር ለወረዳው አስተዳዳሪና ለምክር ቤቱ ተጠሪ ሲሆን፣ በሙያ ግን ለዞኑ ጤና መምሪያና ለክልሉ ቢሮ ተጠሪ ነው፤ ገንዘቡን የውስጥ ኦዲተርና የክልሉ ዋና ኦዲተር ይመረምሩታል። በትምህርት ቤት ደግሞ የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት ለትምህርት ቤቱ የተሰጠው ድጎማ ለምን እንደ ዋለ ይጠይቃል። በ1998 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ዘመን ደግሞ የወረዳ በጀት በሰሌዳ ተጽፎ በአደባባይ እንዲለጠፍ ተደረገ። ሰሌዳው ከሁሉ ይበልጥ ይማርከኛል፤ ሆኖም ማንበብ የማይችለው ገበሬ ቁጥሩን የሚተረጉምለት ሰው ከአጠገቡ ካልቆመ ሰሌዳው ቀለም የተቀባ ጣውላ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ሳንጃ ቆሜ ስለ ቀመሩ ማለት ወደምፈልገው ነገር ደረስሁ። ድልድሉ በመጀመሪያ በሕዝብ ብዛት፣ በልማት ደረጃና በገቢ አሰባሰብ ጥረት ይሠራ ነበር፤ ቈይቶ አንድን ተማሪ ለማስተማር ወይም አንድን ጤና ጣቢያ ለማንቀሳቀስ ምን ያህል እንደሚፈጅ የሚያሰላ ስልት መጣ። በሁለቱም የሚቈጠረው በወረዳው ቤት ያለው ነዋሪ ነው። ከአርማጭሆ እስከ መተማና ቋራ ባለው ቆላ ግን ክረምት ሲገባ ለአረም፣ መስከረም ሲጠባ ለሰሊጥ አጨዳ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋና ከሌላም አገር እጅግ ብዙ ወጣት ማጭዱን በከረጢት ይዞ ይወርዳል፤ ከእርሻ እርሻ እየዞረ በዚያው የሚኖረውንም የቆላው ሰው «ሳሉግ» ይለዋል። የአጨዳው ወራት የወባ ወራት ነው። ካላአዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር ስለምትራባ፣ ሌሊቱን በሜዳ የሚያሳልፈው ሠራተኛ ሆዱ አብጦ፣ ሰውነቱ ከስቶ፣ ካልታከመ ለሞት በሚያደርስ ደዌ ይያዛል። ታሞ የሚመጣውም ከቆላው ጤና ጣቢያ ነው፤ ስሙ ግን ከደጋው ወረዳ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፣ የመድኅን መታወቂያውም እዚያው ወረዳው ከተዋዋለው ጤና ተቋም ጋራ የተሳሰረ ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በዚሁ ቆላ በመተማ የደረሰውን ችግር ዓለም ሁሉ አየው፤ ከድንበሩ ማዶ ካለችው ከገላባት ተሻግሮ የገባውን ስደተኛ ለመቀበል ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ደርሰዋል። ስለ ሰሊጥ አጫጁ ግን የሚጮኽ ድርጅት ጥቂት ነው፤ አመጣጡ በየዓመቱ የታወቀ ስለ ሆነም እንደ አደጋ አይቈጠርም።

ስለዚህ ቀመሩን ለምታሰሉና ድልድሉን ለምታጸድቁ ሁሉ አንድ ነገር እለምናለሁ፤ የቆላ ወረዳን ሕዝብ ስትቈጥሩ በሐምሌ በቤቱ ያለውን ብቻ አትመልከቱ። በጥቅምት ከጤና ጣቢያው ደጅ በወባ እየተንቀጠቀጠ ወረፋ የያዘውንም ወጣት ቍጠሩ፤ በትውልድ ቀዬው የከፈለበት የመድኅን መታወቂያም በሳንጃ እንዲሠራ አድርጉ።