የአስፈሪ ፊልም መመሪያ ምን ሊነግረን ይገባል?

የጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንን የሚጎበኝ ሰው ከአስጎብኚው የሚጠብቀው የግድግዳ ሥዕሎቹን ብዛት አይደለም፤ ማን አሣላቸው፣ ምን ታሪክስ ይናገራሉ የሚለውን ነው። የአስፈሪ ፊልሞች መመሪያ መጽሐፍም መመዘን ያለበት በዚሁ ነው። ርዕስና ዓመት መደርደር ቀላል ነው፤ ጥሩ መመሪያ ግን ፍርሃቱ እንዴት እንደተሠራና ምን ለማለት እንደተፈለገ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1960 ለእይታ የበቃውን የአልፍሬድ ሂችኮክን «ሳይኮ» እንውሰድ። በፊልሙ ውስጥ ባለው የመታጠቢያ ቤት ግድያ ትዕይንት ቢላው ገላ ሲወጋ ታየ ለማለት ያስቸግራል፤ የሚያስደነግጡት በፍጥነት የሚቀያየሩት ምስሎችና የበርናርድ ኸርማን የቫዮሊን ጩኸት ናቸው። ደም መስሎ የፈሰሰውም የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ይህን ያወቀ ተመልካች ፊልሙን በሌላ ዓይን ያየዋል።

«ምስጢሩ ከወጣ ፍርሃቱ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። የታሪኩን መጨረሻ መደበቅ በእርግጥ ተገቢ ነው፤ ሂችኮክም ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ አስከልክሎ ነበር። ትርጉምን መግለጽ ግን ፍርሃትን አይገድልም። በጣና ገዳማት ግድግዳ ላይ የተሣለውን በላዔ ሰብእን ተመልከቱ። 78 ሰው የበላው ያ ሰው፣ ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውሃ በእመቤታችን አማላጅነት እንደዳነ ምእመኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ሥዕሉ ፊት ሲቆም ግን ልቡ መራዱ አይቀርም። አስፈሪ ፊልም ልጆችን ይጎዳል የሚል ወላጅም እውነት አለው፤ መመሪያው የትኛው ፊልም ለየትኛው ዕድሜ እንደማይሆን በግልጽ መናገር ያለበትም ለዚህ ነው። ስለዚህ መመሪያ ስትመርጡ የፊልሞቹን ብዛት ሳይሆን የማብራሪያውን ጥልቀት መዝኑ።